የወንድሜ ግድግዳና የእኔ ምድጃ

ምድጃው ከቤቱ ሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ መቀመጥ ነበረበት። ከቤቱ ሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ደግሞ የወንድሜ ነበር። ጠባችን ከዚያም በፊት ነበረ፤ ግን እስከዚያ ድረስ ሳንተያይ መኖር ችለን ነበር።

አባታችን ሲሞት የተወልን አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ነው። አሰላ ከጭላሎ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ ቤታችንም አንዱ ጫፉ ወደ ተራራው ከፍ፣ ሌላው ጫፉ ወደ መንገዱ ዝቅ ያለ ነው። ታላቅ ወንድሜ እህል ነጋዴ ነው፤ ከዲክሲስና ከሲሬ ስንዴና ገብስ እያስመጣ ይሸጣል። ለሱቅና ለመጋዘን ይመቸኛል ብሎ የመንገዱን ወገን ወሰደ። እኔ የላይኛውን ወሰድኩ። የእናታችን ክፍል መሀል ላይ ነበርና ወደ ማን ይሁን ስንባባል፣ እሷ ራሷ ጎረቤት ጠርታ አልጋዋን ወደ እኔ በኩል አስገፋች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ወንድሜ ግን ሳይጠይቅ ያወቀ መሰለው።

«እናትን የያዘ ክፍሏን ይወርሳል ብለህ ነው» አለኝ፣ ለቀስተኛው ገና ከግቢያችን ሳይወጣ።

በዚያው ሰሞን ብሎኬት አስመጥቶ ቤቱን ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ በግንብ ለሁለት ከፈለው። ከኮርኒሱ በላይ ያለውን አልነካውም፤ እዚያ ጣሪያው አንድ ሆኖ ቀረ። የውሃ ቆጣሪውም በእሱ በኩል ቀረ። ግንበኛው ሥራውን ሲጨርስ ወንድሜ ብሎኬቱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «አሁን ሰላም ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ሰላምታ መለዋወጡን ተውነው።

ከእናታችን ጋር የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው። እኔና ወንድሜ ስንጣላ ግን በአማርኛ ነው፤ እሷ አማርኛ ብዙ ስለማትሰማ ከጠባችን የምትተርፍ ይመስለን ነበር። አልተረፈችም። ለጠብ ቋንቋ አያስፈልገውም፤ ድምፁ ይበቃል።

ብርዱን «ቆራ» ትለዋለች። የአሰላን ብርድ የማያውቅ ሰው ኢትዮጵያ ሞቃት አገር ናት ብሎ ሲያወራ ስሰማ፣ ኅዳር ላይ ከእናቴ ጋር ለማለዳው ሱብሂ ሶላት እንዲነሳ እመኝለት ነበር። በርሜሉ ውስጥ ያደረው ውሃ ፊቱ በስስ በረዶ ተሸፍኖ ያድራል። እሷ ያንን በጣሳ ሰብራ ውዱዕ፣ የሶላት ትጥበቷን፣ ታደርግበታለች። የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች አብጠው ጣሳውን መያዝ አቅቷት ሲወድቅ እሰማለሁ። ጎንበስ ብላ ታነሳና እንደገና ትጀምራለች።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ለሙቀት ብላ የከሰል ማንደጃ ክፍሏ አስገብታ፣ በሩን ዘግታ ተኛች። ረፋድ ላይ አለመውጣቷ አስጨንቆኝ በሩን ስከፍት አፏ ተከፍቶ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ስጠራት አትሰማም ነበር። ተሸክሜ ግቢው ሣር ላይ አስተኛኋት። ነፍሷን ስታውቅ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቀሚሷን ወደ እግሯ መጎተት ነው። ሐኪሙ ከሰል ወደ ክፍሏ ዳግመኛ እንዳይገባ፣ ክፍሉ ግን መሞቅ እንዳለበት ነገረኝ። በምን እንደሚሞቅ አልነገረኝም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛሁ፤ መብራት የሚሄደው ግን ሁልጊዜ ብርዱ በጠናበት ሰዓት ነው።

እኔ የመስኖ ቴክኒሻን ነኝ። ሥራዬ ውሃ ያለ ሞተር፣ በራሱ ክብደት ብቻ፣ ከምንጭ ወደ ማሳ እንዲሄድ ቦይ መቀየስ ነው። እናቴን ሣሩ ላይ ካስተኛሁበት ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ይመላለስ ነበር። ውሃ ሲሞቅ ይቀልላል፤ ሲቀልል ወደ ላይ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፤ ወደ ታች ይመለሳል። እንጨት የሚነድበት ምድጃ ታች ካስቀመጥኩ፣ ዙሪያውን ውሃ ከያዘ፣ ሙቁ ውሃ በአንድ ቱቦ ወደ እናቴ ክፍል ይወጣል፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ባለ ሰፊ የብረት ቱቦ ውስጥ አልፎ ሙቀቱን ይተውና በሌላ ቱቦ ወደ ምድጃው ይወርዳል። መብራት አያስፈልገውም፣ ሞተር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ምድጃው ከክፍሉ ዝቅ ማለቱና ቱቦው በመንገዱ ሁሉ ሳይጎብጥ ማዘንበሉ ብቻ ነው።

ውሃ የሞላሁበት የላስቲክ ቱቦ ይዤ ከክፍል ክፍል፣ በደጅ በኩል ደግሞ እስከ መጋዘኑ፣ የወለሉን ከፍታ ለካሁ። ቤቱን በልጅነቴ ሁሉ ስሮጥበት ያደግኩት ነው፤ እንዲህ ማዘንበሉን ግን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። የእኔ ወጥ ቤት ከእናቴ ክፍል እምብዛም አይወርድም። የወንድሜ መጋዘን ግን ተመቻችቶ ታች ተቀምጧል። እዚያ ጥግ ላይ ምድጃ ቢቀመጥ ውሃው ማንም ሳይገፋው ይወጣ ነበር።

አንድ ሙሉ ሳምንት ከራሴ ጋር ስጣላ ቆይቼ ሱቁ ሄድኩ። ስንዴ እያስመዘነ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።

«መጋዘንህ ጥግ ላይ ምድጃ ላስቀምጥ ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«ምን?»

«ምድጃ። የእማን ክፍል በሙቅ ውሃ ለማሞቅ። ከታች መሆን አለበት፤ ካልሆነ ውሃው አይዞርም።»

«እህል የሞላበት መጋዘን ውስጥ እሳት!» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ስንዴ ለሚገዙት ሰዎች ነው የተናገረው።

«በብሎኬት እከልለዋለሁ።»

«ከለላውን ለእኔ ተወው፤ እሱን እኔ እችልበታለሁ።» ሰዎቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ዛሬ ምድጃ ታስገባለህ። ነገ እንጨት መክተቻ በር ስጠኝ ትላለህ። ከነገ ወዲያ መጋዘኑ የእማ ድርሻ ነበር ብለህ ሰው ትሰበስባለህ። አላውቅህምና ነው?»

«ልትሞት ነበር እኮ።»

«እኔ ጋ ብትሆን አትሞትም ነበር። አምጣት፤ እዚህ አይበርድም።»

«እሷን ጠይቃት።»

ጠይቋት እንደነበረና እምቢ እንዳለችው አውቃለሁ። ፊቱ ጠቆረ። «ምድጃህን ራስህ ጋ አንድድ» አለኝ።

«ከታች ካልሆነ አይዞርም አልኩህ።»

«እንግዲህ ለውሃህ ንገረው!» አለና ወደ ሚዛኑ ዞረ።

የሰዎቹ ሳቅ እስከ ቤቴ ተከተለኝ። እዚያው ዕለት አካፋና ዶማ አነሳሁ። መጋዘኑን ካልሰጠኝ እኔ ወለሌን ዝቅ አደርገዋለሁ ብዬ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ከግንቡ ሥር መቆፈር ጀመርኩ። ከላይ የተደለደለው አፈር በቀላሉ ተነሳ፤ ከሥሩ ያለው ግን ድንጋይ የበዛበት ነው። ዶማው ድንጋይ ባገኘ ቁጥር ከግንቡ ማዶ የወንድሜ ሚስት በሆነ ብረት ነገር ብሎኬቱን ትደበድባለች። እሷ ስትደበድብ እኔ አበረታለሁ። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ደስ ያለኝ ክፍል ያ ነበር።

ጉድጓዱ ወገቤ ሲደርስ ወንድሜ የቀበሌ ሰውና አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌው የአባታችን ወዳጅ የነበሩ ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፤ ሁለታችንንም በልጅነታችን በጆሯችን ጎትተው ያስታረቁን ሰው ናቸው። ከግንቡ መቆም በኋላ ወንድሜ ቤቴን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ዓይኑን ጉድጓዱ ላይ ተከለ።

«መሠረቱን እየበላው ነው» አላቸው። «ግንቡ እንዲወድቅብኝ ነው የሚፈልገው።»

«ግንቡ እንዲወድቅ ብፈልግ ዶማ አያስፈልገኝም» አልኩ። «አሠራሩን አይቼዋለሁ።»

የቀበሌው ሰው ሳቁን ዋጠ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ምርኩዛቸውን አስቀምጠው ተንበረከኩና የጉድጓዱን ጠርዝ በእጃቸው ዳሰሱ።

«ለምንድነው የሚቆፈረው?» አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ውሃው እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚመለስ በጣቴ አፈር ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«መጋዘንህን ጠይቆህ ነበር?»

«እህል አለበት፣ ሐጂ።»

«እህል እንዳለበት አውቃለሁ። ጠይቆህ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ሐጂ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ። ከግንቡ አንድ ክንድ ሸሽቼ እንድቆፍር፣ ጎኑን በድንጋይ እንድክበው ወሰኑ።

«ግንቤ ቢሰነጠቅስ?» አለ ወንድሜ።

«ቢሰነጠቅ እሱ ይሠራዋል።»

«እርስዎ ደግሞ! እሱ የሠራው ግንብ ሥር አልተኛም።»

«እንግዲያው እንዳይሰነጠቅ ዱዓ አድርግ» አሉት ሐጂ፤ ተቆጥተዋል። «እኔ የመጣሁት ለእናታችሁ ብዬ ነው። ለእናንተስ ድንጋይም አልነካም።»

ጥቅምትን ድንጋይ ስክብ ከረምኩ። ምድጃውን መንገድ ዳር ያለ በያጅ ሠራልኝ፤ አንዱ የላሜራ ሣጥን በሌላው ውስጥ የገባ፣ በመሀላቸው ውሃ የሚይዝ ነው። ለእናቴ ክፍል የሚሆነውን ሰፋፊ ቱቦ ከወዳደቀ ብረት መርጠን ጎን ለጎን በየድነው። ኮርኒሱ ላይ፣ ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ ክዳን የሌለው ትንሽ በርሜል አስቀመጥኩ፤ ውሃው ሲሞቅ የሚያብጥበት ቦታ ይፈልጋል፤ እንፋሎትም መውጫ ካጣ ምድጃው ይፈነዳል። ከምድጃው ወደዚያ በርሜል በሚወጣው ቱቦ ላይ ምንም መዝጊያ አላደረግሁም። ማንም እንዳይዘጋው ብዬ ነው። ያኔ እንኳ ማንም ያልኩት ወንድሜን ነበር።

መጀመሪያ ያነደድኩት ቀን ሆነልኝ ብዬ ነበር። ባሕር ዛፉ ጥሩ ነደደ፤ ከምድጃው የሚወጣው ቱቦ እጅ የማያስነካ ሆነ። የእናቴ ክፍል ያለው ግን ቀዝቃዛ እንደሆነ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ቱቦው ውስጥ ሰው በመዶሻ የሚመታ የሚመስል ድምፅ ጀመረ። ቤቱ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ከግንቡ ማዶ ወንድሜ ሲናገር ሰማሁት፤ እንድሰማው ጮክ ብሎ ነው።

«ኢንጂነሩ ቤቱን ሊያፈነዳው ነው! እህላችሁን አንሱ!»

ከእሱ ጋር ሌሎችም ሳቁ። እሳቱን አውጥቼ ደረጃ ላይ ወጣሁና ቱቦውን በጣቴ እየዳሰስኩ ሄድኩ። በሩ አናት ላይ ቱቦውን የያዘው ሽቦ ሸሽቶ፣ ቱቦው ከፍ ብሎ መልሶ ወደ ታች ጎብጧል። አየር እዚያች ጉብታ ውስጥ ተቀምጦ ውሃውን አላሳልፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ጉብታ ስንት ገበሬ መስመር ላይ አይቼ፣ ስንቱን ወቅሼ! በሴጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ ቆረጥኩት፤ ከምድጃው እስከ እናቴ ክፍል ሳያቋርጥ እንዲወጣ አድርጌ በብረት ማንጠልጠያ ሰቀልኩት። እየሠራሁ አንዴም አላፏጨሁም፤ ማዶ ያለው ሰው መሥራቴን እንዳያውቅ ፈልጌ ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ድምፅ አልነበረም። እናቴ ክፍል ገብቼ ብረቱን ያዝኩ። ከላይ ለብ አለ፤ ከዚያ ሞቀ፤ ከዚያ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። አንድም ሞተር ሳይዞር፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና እጇን ዘረጋችና መዳፏን ለጠፈችበት። ለረጅም ጊዜ አላነሳችውም።

«ሞቋል» አለች። ቀጥላም «ይህ ሁሉ ጩኸት ለዚህ ነው?» አለች።

ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር መሰለኝ ቅር አለኝ። ግን በማግስቱ ማለዳ የጣሳ መውደቅ አልሰማሁም። ለውዱዕ የሚሆናትን ውሃ በማንቆርቆሪያ ምድጃው አናት ላይ አደርግላት ነበር።

ያን የመሰለ ነገር ሠርቶ የሚረጋጋ ሰው አለ። እኔ አልተረጋጋሁም። የወንድሜ ሚስት አማቷን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ሰው ተሳስቶ የሚያወጣውን ወሬ አወጣች። የእናቴ አልጋ ከግንቡ ጋር የተጠጋ ስለነበር ማሞቂያውንም እዚያው ግንቡ ላይ ነበር የሰቀልኩት። ብሎኬቱ ሞቆ ማዶ ይደርሳል። «የእኛም ግድግዳ ይሞቃል» ብላት ሄደች፤ «አልጋችንን ወደዚያ አስጠጋን።» እናቴ ይህን የነገረችኝ ደስ ብሏት ነው። እኔ ግን ጉድጓዱን፣ ድንጋዩን፣ በሱቁ ደጅ የተሳቀብኝን ሳቅ አስታወስኩ። እንጨቱን የምፈልጠው እኔ፣ ተደግፎት የሚተኛው እሱ!

ቺፕውድ ገዛሁ። ማሞቂያውን አውርጄ፣ ግንቡ ላይ ጣውላ መትቼ፣ በመሀሉ የገብስ ጭድ ጠቅጥቄ በቺፕውዱ ሸፈንኩት፤ ማሞቂያውን በላዩ መልሼ ሰቀልኩ። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አየች። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ሙቀቱ እንዳይባክን» አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ ውሃ ሄደ። አሰላ ላይ ውሃ መሄድ አዲስ ነገር ስላልሆነ መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ከግንቡ ማዶ ባልዲ ሲሞላ ሰማሁ። ሱቁ ሄድኩ።

«ውሃው ተዘግቷል» አልኩት።

«ተበላሽቶ ነው።»

«አንተ ጋ እየፈሰሰ?»

«እኔ ጋ የሚሄደው አልተበላሸም» አለ፤ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ። «የእኔ ሙቀት ተበላሽቶ የለ? ያንተም ውሃ ይበላሽ።»

ለሐጂ መንገር እችል ነበር። አልነገርኩም፤ ማሸነፍ እንጂ መዳኘት አልፈለግሁም። ውሃ ከጎረቤት በጀሪካን እየቀዳሁ፣ ደረጃ ወጥቼ የኮርኒሱን በርሜል በእጄ እየሞላሁ ቀጠልኩ። እሱ ያየኛል። እንዲያየኝም በሱቁ ፊት አልፋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ እሳቱን አንድጄ ግቢ ውስጥ እንጨት እፈልጥ ነበር። አንዱ መገጣጠሚያ በስውር ሲያንጠባጥብ ሰንብቶ በርሜሉን አድርቆታል። ውሃው ከላይኛው ቱቦ በታች ሲወርድ መዞሩን አቆመ፤ ምድጃው ውስጥ የቀረው ፈላ። መጀመሪያ የሰማሁት ከጣሪያው ሥር የሚወጣ ጉምጉምታ ነው። ቀጥሎ ቱቦው እንፋሎትና የፈላ ውሃ ወደ ኮርኒሱ መትፋት ጀመረ። መጥረቢያውን ጥዬ ሮጥኩ። እናቴን ከነብርድ ልብሷ አቅፌ ግቢ አወጣኋት፤ ተመልሼ ገብቼ የሚነደውን ግንድ በአካፋ እየዛቅሁ በወጥ ቤቱ በር ወረወርኩ። ፀጉሬ ሲቃጠል ሸተተኝ። ወጥ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኖ የራሴን እጅ ማየት አልቻልኩም።

የተተፋው ውሃ ግን እኔ ጋ አልቀረም። ኮርኒሱ ልክ እንደ ቤቱ ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ ከላይ ደግሞ ግንብ የለበትም። ዝገት የቀላቀለው ሙቅ ውሃ ተንደርድሮ ከወንድሜ መኝታ ቤት በላይ ተጠራቀመ። ከዚያ ኮርኒሱ ከነውሃው አልጋው ላይ ወረደ። አልጋው ላይ ሰው አልነበረም። የሚስቱ ጩኸት ግን መንገዱን የተሻገረ ነበር።

ወንድሜ የሱቁን በር መወርወሪያ ይዞ መጣ። እኔ አካፋውን አልጣልኩም። የሚጨሰው ግንድ በመሀላችን ግቢው ላይ ተበትኖ ነበር።

«ቤቴን ቀቀልከው!» አለኝ።

«ውሃውን ማን ዘጋው?»

«ሚስቴ ተኝታ ቢሆንስ? ሚስቴ ተኝታ ቢሆን ኖሮስ?»

«እናትህ ተኝታ ነበር!» አልኩ። «እኔ ነኝ ያወጣኋት፤ ውሃውን የዘጋኸው በእሷ ላይ ነው!»

መወርወሪያውን ከፍ አደረገ። እኔም አካፋውን። ያን ጊዜ እመታው ነበር፤ ዛሬም ያን አልክድም። እሱም ይመታኝ ነበር፤ ዓይኑ ላይ አይቼዋለሁ።

እናታችን ብርድ ልብሷን እየጎተተች በመሀላችን ገባች። አልጮኸችም። በኦሮምኛ፣ ሁለታችንም ትንሽ እያለን ስትገሥጸን በነበረው ድምፅ፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረች።

«ይህን ነገር የሠራኸው እኔን ለማሞቅ ነው ወይስ እሱን ለማቃጠል?»

አካፋዬን ዝቅ አደረግሁ። ወደ እሱ ዞረች።

«አንተስ? ውሃ የምትዘጋው እኔ የምጸልይበትን ነው? ግንቡን ስትሠራ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ምን አደረግኸው?»

መወርወሪያው ወረደ። እሷ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ወጣች። ዲክሲስ እህቴ ጋ እሄዳለሁ አለች። ዲክሲስ በብርድ ከአሰላ አይሻልም፤ እህቷ ቤት ምድጃ እንኳ በወጉ የለም። እኔ እለምናት ጀመር፤ ወንድሜም በሌላ ጎኗ ሆኖ ይለምናት ጀመር፤ እርስ በርሳችን ግን አልተነጋገርንም። እስከ መናኸሪያ ድረስ በሁለት ጎኗ ሄድን። ቋጠሮዋን ለማናችንም አልሰጠችም። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አላየችንም። ወንድሜ መንገዱ ዳር ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ እኔ በዚህ፣ እሱ በዚያ ሄድን።

ጥር በሙሉ ምድጃው ቀዝቅዞ ቆየ። ማዶ ወንድሜ ኮርኒሱን ሲያስጠግን መዶሻው ይሰማኛል። እኔም የሚያንጠባጥበውን መገጣጠሚያ አጠበቅሁ፤ ከኮርኒሱ በርሜል ጠርዝ ላይ ትርፍ ውሃ ቀጥታ ወደ ግቢዬ የሚያፈስ ሰፊ ቱቦ አወጣሁ። ሐጂ አንድ ቀን በአጥር በኩል ሲያልፉ አዩኝና ቆሙ።

«እናትህ መቼ ትመጣለች?»

«አላውቅም፣ ሐጂ።»

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ወንድምህም አላውቅም አለኝ። አላወቃችሁም ማለት ነው እንግዲህ።» ሰላምታ ሳይሰጡኝ ሄዱ። ከእሳቸው ይህን አይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ይሁን በሌላ ቀን፣ ባዶውን ቧንቧ ልማድ ሆኖብኝ ስከፍተው አየር ተፋ፤ ከዚያ ቀይ ውሃ፤ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ወረደ። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሆኜ ያ ውሃ ይታየኝ ነበር። እንዳመሰግነው ይፈልጋል ብዬ ተናደድኩ፤ አልፈለገም ብዬም ተናደድኩ። ቤት ስመለስ ማሞቂያውን አወረድኩና ቺፕውዱን ነቀልኩት፤ ጭዱን በከረጢት አውጥቼ ለጎረቤት ላም ሰጠሁ። ለእሱ ብዬ አይደለም። እናቴ እዚያ እያየችው እንደማትተኛ ገብቶኝ ነው።

ስልክ ደወልኩላት። የእህቷ ልጅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘላት። ውሃ እንዳለ ነገርኳት። «ነግሮኛል» አለች። ስለዚህ እሱም ደውሏል። ሌላም ነገር ነግሯት እንደሆነ አልነገረችኝም።

የካቲት ሲገባ መጣች፤ ለማንም ሳትናገር፣ ቋጠሮዋን ራሷ ተሸክማ። በር ላይ አግኝቻት ልቀበላት ስል ትከሻዬን ገፋ አድርጋ አለፈችኝ። ክፍሏ ገብታ ግንቡን አየች፤ ነቅዬ የጣልኩት ጣውላ የተወውን የምስማር ቀዳዳ በጣቷ ዳሰሰች። «እንጨት አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። አነደድኩ።

ወንድሜ ሊጠይቃት የመጣው ከጁምዓ መልስ ነው። እኔ መኖሬን እያወቀ ገባ። በእኔ በኩል አልፎ እግሯ ሥር ተቀመጠ፤ ስለ ዲክሲስ፣ ስለ እህቷ፣ ስለ ገብሱ ዋጋ አወሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ከራሴ ቤት ወጥቼ ልሄድ አልፈለግሁም። ሊነሳ ሲል ዓይኑ ማሞቂያው ላይ አረፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቦ ማየቱ ነበር። መዳፉን አስጠጋ፣ ብየዳውን በጣቱ ተከተለ፣ ታችኛው ጥግ ላይ ቡናማ የሆነውን ቦታ በጥፍሩ ፋቀው።

«ቀለም ቀባው፤ ይዝጋል» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ጫማውን አድርጎ ወጣ። እናቴ ሁለታችንንም እያየች ነበር፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ ተኛች።

እስካሁን ሰላም አንባባልም። ውሃው አልተዘጋም፤ ግድግዳውም አልተሸፈነም። አልጋቸው ግንቡን ተጠግቶ እንዳለ አውቃለሁ፤ ማለዳ ሲያስል እሰማዋለሁ። ብረቱን አልቀባሁትም።